ሙሴ በቀለና የፍየል ነብሮቹ

ሙሴ በቀለ የሞተ ሰሞን ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያወራሁት እኔ ነኝ። ወንዶቹ ካርታ ሲጫወቱ እኔ ከድንኳኑ መሀል ተቀምጬ የሙሴን ታሪክ አወራለሁ፤ ሰው ይስቃል። አዲስ ለቅሶ ደራሽ ሲገባ ዝም እንላለን፤ ነፍስ ይማር ብሎ እንደተቀመጠ ከተውኩበት እቀጥላለሁ። እንዲህ ሳወራ ሰንብቼ በመጨረሻው ቀን አንድ ሽበታም ሰውዬ ከጥግ ተነስቶ መጣና፣ ዕድሜ ልኬን የኮራሁበትን አንድ ነገር፣ በትሕትና፣ ንፍሮውን እየቆረጠመ ወሰደብኝ። በደንብ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ሰው ለሙሴ መስሎት አጽናናኝ።

ሰውዬው ምን እንዳለኝ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ሙሴን ተዋወቁት።

ሙሴ ስላችሁ ባሕር የከፈለውን እንዳታስቡ። ድሬዳዋ ውስጥ በባቡሩ ዘመን ፈረንጅ አለቃ ሁሉ ሙሴ ነበር የሚባለው። በቀለ ፈረንጅ አይደለም፤ አለቃም ሆኖ አያውቅም። ከልጅነቱ ጀምሮ ግን አንድ ግሪክ ቆዳ ነጋዴ ዘንድ ሠርቷል፤ አብዮቱ ሲመጣ ግሪኩ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ሁለት ነገር ትቶለት ሄደ፤ አንድ ትልቅ የቆዳ መቀስና ሙሴ የሚለውን ማዕረግ። ኦሮሞውም ሶማሌውም አማራውም ሙሴ ይለዋል። እኔ ታላቄን አንቱ ማለት ተምሬ ስላደግኩ መጀመሪያ ቀን አንቱ አልኩት። ዞር ብሎ ኋላውን አየና፣ «አቦ ማንን ነው? ከኋላዬ ሰው ቆሟል እንዴ?» አለኝ። ስለዚህ አሁንም አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው። አንቱ ካልኩት መቃብሩ ውስጥም ኋላውን ያያል።

ሱቁ ከዚራ ሰፈር ነበር፤ አንድ አሮጌ ቪላ ጀርባ፣ ድሮ የመኪና ማቆሚያ የነበረ ክፍል። ጫማ ይጠግናል፣ ቦርሳ ይሰፋል፣ ከበሮ ይወጥራል። ሰላም ስትሉት ከፊታችሁ በፊት ጫማችሁን ነው የሚያየው። ከዚያ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን እያፋተገ፣ የሌለ ቆዳ እንደሚዳብስ ሰው፣ «እ?» ይላል። ውሸት የሆነ ነገር ሁሉ በሱ ቋንቋ ፍየል ነው። የሐሰት ሳቅ ፍየል ነው፤ ውኃ የበዛበት ወተት ፍየል ነው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ «ዘንድሮ ምርት በእጥፍ አድጓል» ሲል ሙሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ፍየል» ይለኛል። እኔ ሳቄን የምይዝ ሰው አይደለሁም፤ ከስብሰባ የተባረርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አንድ ቀን ተባሮ አያውቅም።

ሌላው ነገሩ ከሰል ነው። የድሬ ሰው ሁሉ በከሰል ሲያበስል እሱ ከሰል ደጁን አያስረግጥም። ሻዩን በላምባ ምድጃ ያፈላና፣ ላምባ ላምባ የሚል ሻይ ለእንግዳ ያቀርባል።

«ሙሴ፣ ይሄ ሻይ ክብሪት ቢነካው ይነዳል እኮ» እለዋለሁ።

«ዝም ብለሽ ጠጪ። ከሰሉ ከየት ነው የሚመጣው? ከደንገጎ ዳገት፣ ከሐርላ ጋራ። ዛፉ አልቆ ከሰል ሲሆን እሷ የት ትተኛ? አንቺ አልጋ ላይ?»

እሷ የሚላት ነብርን ነው። መጀመሪያ ቀን ሚስቱ መስላኝ፣ ምነው ጋራ ላይ የምትተኛ፣ ተጣልተው ነው ወይ ብዬ ጎረቤት ጠይቄአለሁ።

እኔ ሙሴ ዘንድ የደረስኩት ድምፄ መጥፎ ስለሆነ ነው። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ እያንዳንዱ ቀበሌ የኪነት ቡድን ነበረው፤ ሁሉም አንዱ አንዱን ለመብለጥ ይሞታል። እኔ ዘፋኝ ልሆን ተመዘገብኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዘፈን የተማርኩት ከሬዲዮ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱንም በራሴ ገፋሁባቸው፤ ሁለቱም ያስታውቃሉ። የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ታደሰ ስዘፍን ሰማኝና ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ደስ ብሎት መስሎኝ ሁለተኛውን ስንኝ ጨመርኩለት።

«ጓዲት ትርንጎ» አለኝ፣ «አንቺን ለአልባሳት ክፍል ነው የምንፈልግሽ።»

«አልባሳት ክፍል አለን እንዴ?»

«ካሁን ጀምሮ አለን። አንቺ ነሽ።»

የመጀመሪያ ግዳጄ ለሽለላው የነብር ቆዳ ማምጣት ሆነ። ባለፈው በዓል የወዲያኛው ቀበሌ ሸላያቸውን ነብር አልብሰው አንደኛ ወጥተዋል፤ ጓድ ታደሰ ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድለትም። አንዱ ሰውዬ ስብሰባ ላይ «የነብር ለምድ የመሳፍንት ልብስ አይደለም ወይ?» ብሎ ቢያነሳ፣ «ነብሩ የሰፊው ሕዝብ ነው፤ መሳፍንቱ ነጥቀውት ነው» ብሎ አፉን አስያዘው። ይህን ለሙሴ ስነግረው ላምባ ሻዩ ትን ብሎት ሊሞት ነበር።

«እና የነብር ቆዳ አለህ?» አልኩት።

«ያላት እሷ ናት። ለብሳዋለች።»

«ሙሴ፣ ቀልዱን ተው።»

መርፌውን አስቀመጠ። ግሪኩ ዘንድ ሳለ ቆዳ እየወጠረ የሚያደርቀው እሱ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ የሚመጣው የነብር ቆዳ ከማድረቂያው ጣውላ ይተርፍና ጅራቱ መሬት ይጎተታል። ዓመታት ሲያልፉ ጣውላው ባዶ ቦታ ይተርፈው ጀመር።

«ጣውላውን ማን አሰፋው ብዬ ለካሁት» አለኝ። «ወላሂ ለካሁት።» ክርስቲያን ነው፤ ድሬ ውስጥ ግን ወላሂ የሁሉም ነው። «ጣውላው ያው ነው ትርንጎዬ። ያነሰው ቆዳው ነው። ትልልቆቹን ጨርሰን ልጆቹን ይዘናል። በመጨረሻ አንዱ የመጣልኝ የድመት ያህላል። ግሪኩ አየውና 'ለቦርሳ ይሆናል' አለኝ።» አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አፋተገ። «ለቦርሳ።»

ሰው ሲያዝን ምን እንደሚባል የማውቀው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ የራሴን ጉዳይ አነሳሁ። «ጓድ ታደሰ ይገድለኛል» አልኩት።

«አይገድልሽም። ነብር እንሠራለን።»

የኢሳ ነጭ ፍየል ፀጉሩ አጭር ነው፣ የተኛ ነው። ሙሴ አንድ ደህና ቆዳ መረጠና ሻይ ውስጥ ዘፍዝፎ ብጫ አደረገው፤ ያ ሻይ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ዋለ። ነጠብጣቡን አንቺ ሥሪ ተባልኩ። ጥቁር የጫማ ቀለም ይዤ ተንበርክኬ ዋልኩና፣ ወገቤን ይዤ ተነስቼ አሳየሁት። አየው። ራቅ ብሎ አየው። ተመልሶ መጣ።

«ትርንጎዬ፣ ነብር ነው ያልኩሽ። ይሄ ኩፍኝ የወጣበት ፍየል ነው።»

ኩፍኙም አልበረከተም። ልምምድ ላይ ሸላዩ ለብሶት ሲዘል፣ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ላብ በላብ ሆነና ጥቁር ውኃ በባቱ ይወርድ ጀመር። ጓድ ታደሰ ታሞብኝ ነው ብሎ ክሊኒክ ሊወስደው ሲል ነው የደረስኩት።

ያኔ ነው አእምሮዬ የበራልኝ፤ በሕይወቴ የበራልኝ ጊዜ ጥቂት ስለሆነ በደንብ አስታውሰዋለሁ። ጎረቤታችን ፋጡማ ሙሽራ ስታስጌጥ ሂና አብሬያት እቀባ ነበር። ሂና እጅ ላይ ሲቀባ ይለቃል፤ ፀጉር ከያዘ ግን ፀጉሩ ካልተቆረጠ አይለቅም። ሂናውን ከጥቁር የፀጉር ቀለም ጋር ለወስኩና በቀጭን እንጨት ነጠብጣቡን አንድ በአንድ ሣልኩ። ቀለሙ ሲደርቅ ሙሴ ቆዳውን አሸተተው፣ ምራቁን ቀብቶ ፈተገው፣ በሳሙና አጠበው። ውኃው ጥርት ብሎ ወረደ፤ ነጠብጣቡ ጭራሽ አበራ።

«አንቺ ለዘፈን አልተፈጠርሽም ያለው ሰው እውነቱን ነው» አለኝ። ከሱ አፍ ይህ ሽልማት ነው።

አብዲ ባይመጣ ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር። አብዲ የሐርላ ሰው ነው፤ ፍየል ያረባል፣ ድሮ ደግሞ ለግሪኩ ነብር እያጠመደ ያመጣ ነበር። አንድ ከሰዓት ስፕሪንጉ የላላ የብረት ወጥመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ሱቁ ገባ። ሐርላ፣ ከጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ በላይ ካለው ገደል ነብር ሁለት ግልገል ወልዳለች፤ በባቡር ወደ ጅቡቲ በድብቅ ቆዳ የሚልክ አንድ ነጋዴ ደግሞ ደላላውን ልኮ አምጣልኝ ብሎታል። ወጥመዱ ይጠገንልኝ ነው የሚለው። ወሬውን ሳይጨርስ ለማድረቅ የሰቀልነውን ቆዳ አየና ደነገጠ።

«ሙሴ! አንተም ጀመርክ?»

ተጠጋ፣ ዳሰሰ፣ አሸተተ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ፍየል ነው! አቦ የኔ ፍየል ዘመድ ነው ይሄ!»

ሙሴ አልሳቀም። «ደላላው ቆዳ ሲቀበልህ ዘርግቶ ያያል?» አለው።

«የት ይዘረጋል? የፊናንስ ፖሊስ አለ፣ የሰው ዓይን አለ። ጠርዙን ገለጥ ያደርግና ቶሎ ይጠቀልላል። ኮንትሮባንድ ተዘርግቶ ይታያል እንዴ?»

«እንግዲያው አንተ ገደል ወጥተህ ከምትሰበር ፍየልህን አርደህ ሥጋውን ብላ። ቆዳውን እኔ ነብር አደርግልሃለሁ።»

አብዲ አሰበ። «እሷ ፍየሌን ትበላለች፤ እኔም ፍየሌን እበላለሁ። ምን አተረፍኩ?»

«እሷ አንዴ ነው የምትበላው። አንተ ሁለቴ ትበላዋለህ፤ አንዴ ሥጋውን፣ አንዴ ቆዳውን።»

ይህ አብዲን አሳመነው። ወጥመዱን ሙሴ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። አብዲ ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆሞ በጣቱ ወደ ወጥመዱ አመለከተ። «ደላላው ፍየል መሆኑን ያወቀ ቀን፣ ወይ እናንተ መሥራት ያቆማችሁ ቀን፣ ይሄን እወስዳለሁ። አልደብቅህም። እኔ ካላጠመድኩ ሌላ ሰው ይልካሉ።»

ከዚያ በኋላ ወጥመዱ ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ነው ነጠብጣብ የቀባሁት። ለሦስት ነፍስ ነው የምቀባው እያልኩ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሙሴ «እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ያምራል፣ ቀጥ ሲል ነው የምታበላሺው» ይለኛል።

ደግሞ ያላየሽውን አትሠሪም ብሎ ሐርላ ወሰደኝ። «ነጠብጣብሽ የሙሽራ እጅ ነው የሚመስለው፤ ሄደሽ እያት» አለኝ። በአሸዋ መኪና ሄድን። እኔ ከሰው ጋር ወደ ገጠር ስሄድ አምሬ መሄድ ስላለብኝ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ ነበር፤ ከፍርስራሹ በላይ ያለውን ዳገት በባዶ እግሬ፣ ጫማዬን በብብቴ ይዤ ወጣሁት። አንድ የጥንት ግንብ ፍራሽ ኋላ ከአብዲ ጋር በደረታችን ተኝተን ጠበቅን። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ከወዲያኛው ቋጥኝ እንጨት በመጋዝ ሲሰነጠቅ የሚመስል ድምፅ መጣ። አብዲ በአገጩ አመለከተ።

«ቄራንሳ» አለ በሹክሹክታ። ነብር ማለቱ ነው።

እኔ ምን አየሁ? ምንም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ድምፁን እንደሰማሁ የጨፈንኩትን ዓይን አብዲ «ሄደች» እስኪል ድረስ አልከፈትኩትም። ስከፍት ፊት ለፊቴ ባዶ ቋጥኝ አለ፤ ከጎኔ ሙሴ አለ። ፊቱ ረጥቧል። ያንን ሁሉ ዘመን ያንን ሁሉ ቆዳ ወጥሮ፣ በሕይወት ያለች ነብር ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

«ይንቀሳቀሳል ለካ» አለኝ። «ቆዳው እላይዋ ላይ ይንቀሳቀሳል ለካ፣ ትርንጎዬ። ትከሻዋ ላይ አየሽው?»

«አየሁት» አልኩ።

«ግልገሎቹንስ?»

«እንዴት ያምራሉ!»

ቀና ብሎ አየኝና አቧራውን እያራገፈ ተነሳ። ስንመለስ ለኪነቱ የሚሆነውን ቆዳ እንደገና፣ ከራስ እስከ ጅራት፣ ብቻዬን ካልሠራሁ ብዬ አስቸገርኩት፤ አይቼ የለም! እሱ የአብዲን እየሠራ እኔ የኔን ጨረስኩ። አሳየሁት። እግሮቹ ላይ ሲደርስ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ዘጋው።

«ለመድረክ ይሆናል» አለኝ።

የአብዮት በዓል ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ሸላያችን የኔን ነብር ለብሶ መድረኩ ላይ ሲዘል ሕዝቡ በእግሩ ቆመ፤ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ነጠብጣቤን አየሁ እንጂ ሽለላውን አልሰማሁም። ከፊት ወንበር ላይ ግን አንድ ቀጭን ወጣት ተቀምጦ ነበር፤ የዱር አራዊት ጥበቃ ባለሙያ ነው፣ ከአዲስ አበባ ተልኮ ወደ ከተማችን ገና መምጣቱ ነው። ጭብጨባው ሲያልቅ ተነሳና ጓድ ታደሰን «ይህ ቆዳ ከየት መጣ? ነብር መግደል እንደሚያስቀጣ አታውቁም?» አለው። ጓድ ታደሰ በዚያው ቅጽበት ነብሩን ከሰፊው ሕዝብ ላይ አንስቶ ለአንድ ሰው ሰጠው።

«የሙሴ በቀለ ነው!» አለ።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወሰዱን። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተከትሎን መጥቶ በርና መስኮቱን ሞላው። ቆዳው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ሙሴ ፊት ለፊቱ ቆመ። እኔ ነገሩን ባጭሩ የምጨርሰው መስሎኝ ወደ ፊት ገፋሁ።

«ጓዶች፣ ይሄ እኮ ፍየል ነው! የቀባሁት እኔ ነኝ!»

ሰው ሳቀ። ሙሴ አየኝ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ለባለሙያው ተናገረ።

«ልጅቷ ልታድነኝ ብላ ነው። ነብር ነው። የገደልኩትም እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ብልህ ሴት ብሆን አንድ ነገር እጠረጥር ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። የተናደድኩት ሰውዬው ራሱን በማሳሰሩ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሥራዬን ስለካደኝ ነው የተናደድኩት። «ውኃ አምጡ! ሳሙና አምጡ! ይታጠብ!» ብዬ ጮህኩ። ለቅቆ ሊታይልኝ! የራሴን ሂና ረስቼ!

ጎድጓዳ ሳፋ መጣ። አንድ የአብዮት ጥበቃ እጅጌውን ሰብስቦ በልብስ ሳሙና ይፈትገው ጀመር። እስኪደክመው ፈተገው። ውኃው ጠብ ሲል ጥርት ያለ ነው፤ ነጠብጣቡ እንደ አዲስ ጫማ አበራ። «እንዴ፣ ነብር!» አለ መስኮቱ ላይ ያለው ሕዝብ። በዕድሜዬ አንድ ነገር አሳምሬ ብሠራ ሰው አሰርኩበት።

ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ቆዳውን ከራሱ እስከ ጅራቱ አየው። እግሮቹን አየ። ጅራቱን ገልብጦ አየ። ቀና ብሎ ሙሴን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያም፣ «ነብር ነው» አለ።

አለቀስኩ። ግን ልደብቃችሁ አልችልም፣ እያለቀስኩም ቁመቴ ትንሽ ጨምሯል። ከአዲስ አበባ የመጣ የተማረ ሰው፣ የኔን ነጠብጣብ!

የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ እስከ ገና ድረስ እንዲታሰር ፈረደበት። ሲወስዱት በአጠገቤ ሲያልፍ «ወጥመዱን አደራ» አለኝና በዓይኑ ወደ መስኮቱ ጠቆመ። ዞሬ አየሁ። የቆዳ ነጋዴው ደላላ፣ ከአብዲ የሚቀበለው ራሱ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ረክቶ፣ ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ያኔ ገባኝ። እኔ ፍየል ነው እያልኩ የጮህኩት እሱ ጆሮ ውስጥ ነው። እነዚያን ሦስት ነፍሶች በራሴ አፍ ልጨርሳቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

እስር ቤቱ እዚያው ቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ምሳውን እወስድለታለሁ። እሱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የጠባቂዎቹን ጫማ ይጠግናል፤ ሁሉም ደህና ጫማ ስላደረጉ ማንም አልጨከነበትም። ሱቁ ውስጥ ግን አብዲ መጥቶ ከወጥመዱ ፊት ለፊት ቆመ።

«ሙሴ የለም» አለ። «ማን ይሠራል?»

«እኔ» አልኩት። የገዛ ድምፄን ሰምቼ ደነገጥኩ።

ሠራሁ። የመቅቢያዬ እንጨት እስኪያልቅ ሠራሁ። ሙሴ ምሳውን እየበላ ጠባቂው እንዳይሰማ፣ «ጀርባዋ ላይ ትልልቁን፣ ጠርዙን አደራ፣ ጠርዙን ነው የሚያዩት» ይለኛል። ጠባቂው ስለ ጥልፍ የምናወራ መስሎት ለሚስቱም አልጋ ልብስ እንድሠራላት ጠየቀኝ። ነጋዴው ደግሞ ሙሴ በእውነተኛ ነብር ከታሰረ ወዲህ ጥርጣሬው ሁሉ ለቀቀው፤ ሸንጎ የመሰከረለት ዕቃ ነው። አምጡ፣ ጨምሩ አለ። የአብዲ መንደር ያንን ሰሞን የበላውን የፍየል ሥጋ አልነግራችሁም።

ጭነቱ በባቡር ወረደ። ጅቡቲ ደርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ በብርሃን ተዘረጋ። የሆነውን በባቡሩ ሠራተኞች አፍ ነው የሰማነው፤ እየሳቁ ነው የመጡት። ፉርጎው ውስጥ በሙቀት ታፍኖ የከረመ ፍየል ሽታው ሲወጣ፣ ገዢዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ከመጋዘኑ ወጡ። ነጋዴው ማንን ይክሰስ? ኮንትሮባንዴ ፍየል ሆኖብኛል ብሎ ለየትኛው ፖሊስ ያመልክት? ሙሴን እንዳይጠረጥር ሙሴ በነብር ገዳይነት ታስሯል። አብዲ ደላላው ሊፈልገው ሳይመጣ የቀሩትን ፍየሎቹን ነድቶ ቆላ ወዳሉ ዘመዶቹ ወረደና ነገሩ እስኪረሳ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲያ የድሬን ነብር የሚገዛ ጠፋ። አንድ ሌላ አዳኝ እውነተኛ ቆዳ ይዞ ቢመጣ፣ ደላላው «ሂድ ወሪያ! ሚስትህ የቀባችውን ለሚስትህ አልብስ!» ብሎ ፊቱ ላይ ወረወረለት። ከተማው ውስጥ አጉል ያጌጠ ሰው ሲያልፍ «የድሬ ነብር!» መባል ተጀመረ። እኔ ይህን ስሰማ እንደ ደራሲ ቀና እል ነበር። ሙሴ ለገና ተፈታና ወጥመዱን ከግድግዳው ሳያወርደው የሱቁን ቁልፍ ማንጠልጠያ አደረገው።

ለቅሶው ላይ ያወራሁት ይህን ነው። አብዲም ሸምግሎ፣ በልጁ ተደግፎ መጥቷል። «ዘንድሮም ፍየሌን በላች» ይላል ለሚሰማው ሁሉ። «የዚያችኛዋ የልጅ ልጅ ናት። ሙሴ ሞተ፤ እንግዲህ ለማን አቤት ልበል?» እኔ ደግሞ እንደልማዴ ታሪኩን ባለሙያው «ነብር ነው» ያለበት ላይ አድርሼ፣ «የተማረ ሰው አታለልኩ!» ብዬ ደረቴን ስመታ ነው ያ ሽበታም ሰውዬ ንፍሮውን ይዞ የተነሳው።

«እህቴ፣ አላወቅሽኝም» አለኝ። «ያን ዕለት ከፊት ወንበር የነበርኩት ነኝ።»

ዘልዬ አቀፍኩት። «ይኸው! ይኸው ምስክሬ!» አልኩ ለድንኳኑ።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ሸላዩ ገና መድረክ ሲወጣ ነው ያወቅኩት። ፍየል ነበር። እውነተኛውን እንዳይደፍሩ አስፈራርቼ ልተው ነበር የተነሳሁት፤ ሰውዬው እኔ ገደልኩ ሲል ግራ ገባኝ። ጅራቱ የተሰፋ ነው። እግሮቹ ላይ ደግሞ እንደ ጀርባው ክብ ክብ አበባ ነበር። የነብር እግር አበባ የለውም፣ ድፍን ነጠብጣብ ነው። ያንቺ... የሙሽራ እጅ ነው የሚመስለው።»

ካርታ ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ ካርታቸውን አስቀመጡ። የነብርን እግር ለማየት ዓይን መክፈት ያስፈልግ ነበር።

«እና ለምን ነብር ነው አልክ?»

«ፍየል ነው ልል አፌን ስከፍት ዓይኑን አየሁት። ንጹሕ መሆኑ እንዳይታወቅበት የሚለምን ሰው አይቼ አላውቅም። በማግስቱ እስር ቤት ሄድኩ፣ ሁሉን ነገረኝ። ተናግሬ ላስፈታህ አልኩት። 'ከፈታኸኝ እውነተኛውን ቆዳ ጠረጴዛህ ላይ ታገኘዋለህ፤ ከነግልገሎቿ' አለኝ። ያኔ ቢሮዬ ማለት ያ ጠረጴዛና እኔ ነን። ሐርላ የምወጣበት መኪና እንኳ አልነበረኝም። እኔ ከምጠብቃት እሱ ታስሮ ቢጠብቃት ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።»

«እሺ፣ ያኔስ ይሁን። ካለፈ በኋላስ? ይሄን ሁሉ ዘመን እዚሁ ከተማ እየኖርክ?»

ንፍሮውን መዳፉ ላይ አንከባለለው።

«ሁለት ነገር ነበር የለመነኝ። አንዱ የሐርላዋን ነው። ሁለተኛውን ከተፈታ በኋላ ነው የለመነኝ፤ 'ልጅቷ ባለሙያ አታለልኩ ብላ ከተማውን ሞልታዋለች። ደስ ብሏታል። እኔ በሕይወት እያለሁ እንዳትነግራት' አለኝ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። እኔ ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ ስኩራራ፣ እሱ ላምባ ሻዩን እየጠጣ፣ በየዓመቱ፣ አንድ ቀን «ፍየል» ሳይለኝ ሲሰማኝ ኖረ። ነብር ብቻ አልነበረም የደበቀው ለካ።

አፍንጫዬን በነጠላዬ ጠረግኩ። ተሸንፌ መቀመጥ ስለማልችል ወደ ሰውዬው ጠጋ አልኩ።

«እግሩን ተወው» አልኩት። «ጅራቱንም ተወው። ጀርባዋ ግን ጥሩ ነበር አይደል?»

ሰውዬው ንፍሮውን አስቀመጠ። አብዲን አየ፣ የሙሴን ፎቶግራፍ አየ፣ እኔን አየ።

«ጀርባዋስ» አለኝ፣ «ጀርባዋስ ነብር ነበር።»

ፍየል መሆኑን አውቄአለሁ። በሙሴ ስም የተሰጠኝ ስለሆነ ግን ተቀበልኩት።